በብሎን ያሰርኩት ቦርሳ

ሰው ቤት ሊሠራ ሲል ይማከራል፣ ልጁን ሊድር ሲል ይማከራል። እኔና ባለቤቴ ትርሲት ስንማከር፣ ስንከራከር፣ ስንኮራረፍና ስንታረቅ የሰነበትንበት ነገር ግን መጠኑ ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጥም። ሃርድዌር ዋሌት ይባላል። ዋሌት ቦርሳ ማለት ነው፤ ይኸኛው ቦርሳ ግን ዚፕ የለውም፣ ኪስ የለውም፣ ብር አጥፈው ሊከቱበት ቢሞክሩ አይገባም። ክሪፕቶ የሚባለው ገንዘብ የሚኖረው ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ዕቃዋ የምትይዘው ቁልፉን ብቻ ነው። ቁልፉ ከጠፋ ገንዘቡ እዚያው አለ፤ ታየዋለህ፣ አትነካውም።

ይህንን ለጎረቤታችን ለጋሽ ተካልኝ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። ጋሽ ተካልኝ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም በእሳቸው እጅ ነው። በጥሞና አዳመጡኝና፣ ካለ እንዴት ጠፋ ትላለህ፣ ከጠፋስ እንዴት አለ ትላለህ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ እንቅልፍ በደንብ እተኛ እንደሆነ ጠይቀውኝ ሄዱ።

ገንዘቡ የእኔ አይደለም፤ የትርሲት ነው። ትርሲት የጥለት ንድፍ ታወጣለች። በሸማ ጠርዝ ላይ የሚሄደውን ጥለት በኮምፒውተር ትሥለዋለች፤ ውጭ አገር ያለ አንድ ጨርቅ አምራች ሥራዋን ይወድላታል፣ ክፍያውንም በክሪፕቶ ይልክላታል። እሷም አትነካውም። የምታጠራቅመው ለጥልፍ መኪና ነው። ያቺን መኪና ፎቶዋን በስልኳ ይዛ ስትዞር ዓመታት አልፈዋል፤ የእኔ ፎቶ ከእሷ በታች ነው ያለው።

ችግሩ የጀመረው አንድ ቀን መገናኛ ታክሲ ስትሳፈር ስልኳ ከእጇ አምልጦ ጎማ ሥር የገባ ጊዜ ነው። ያጠራቀመችው ሁሉ ያለው በዚያ ስልክ ውስጥ ባለ አፕ ነበር። ስልክ ጠጋኙ አክሞ እስኪያስነሣው ድረስ ትርሲት እህል አልቀመሰችም፤ እኔም ፊቷ እየበላሁ እንዳልታይ ጓዳ ገብቼ እበላ ነበር። ስልኩ ሲነሣ ከእንግዲህ እንዲህ አንኖርም ተባለ፤ ቁልፉ ለብቻው የሚቀመጥበት ዕቃ ይገዛ ተባለ።

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ የማውቀው ሰው ሁለት ዓይነት አለኝ አለን። አንደኛዋ ለስልክ ናት። የባንክ ካርድ ታክላለች፣ ባትሪዋ ውስጧ ነው፣ ያለ ገመድ ከስልክ ጋር ትነጋገራለች። ሁለተኛዋ ለጠረጴዛ ናት። ወፈር ትላለች፣ ስክሪኗ ሰፋ ያለ ነው፣ በገመድ ኮምፒውተር ላይ ካልሰኳት በስተቀር ትንፍሽ አትልም። ሰውየው ሁለቱንም ውሰዱና ሞክሩ፣ የመረጣችሁትን አስቀርታችሁ ሌላዋን መልሱልኝ አለን። ደግ ሰው ነው። እኔና ትርሲትን ግን በደንብ አያውቀንም።

ትርሲት የስልኳን መረጠች። እኔ የጠረጴዛዋን።

ሁለታችንም ስለ ዕቃዎቹ የምንከራከር መስሎን ነበር፤ የምንከራከረው ስለራሳችን ነው። ትርሲት ቤት አትቀመጥም። ጠዋት ሾላ ገበያ ክር ስትመርጥ፣ ከሰዓት ሸማኔዎቹ ጋ ናሙና ስታሳይ ትውላለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆና የደንበኛዋን ክፍያ ማየት ትፈልጋለች። መብራት ሲጠፋ ያንተ ጠረጴዛ ምን ይሠራል ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ መብራት ሲጠፋ የእኔ ጠረጴዛ ሻማ ማስቀመጫ ነው። እኔ ደግሞ ከጠረጴዛዬ አልነሣም። ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ከአንድ ግቢ ጀርባ በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የእኔ ግዛት ያቺ ጠረጴዛ ናት። ካርድ የሚያህል ነገር ይዘሽ ሾላ ገብተሽ በርበሬ ሲለካልሽ ከመሀረብ ጋር አውጥተሽ ብትጥይውስ እላታለሁ። ያለ ገመድ የሚሄድ ነገር በመንገድ ማን እንደሚያገኘው አይታወቅም እላለሁ። ገመድ ግን ይታያል፤ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ይገባል።

ይህን ሁሉ የምለው እንደ ባለሙያ ነው፤ ምክንያቱም ሥራዬ የዕቃ መመሪያ መተርጎም ነው። ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የፀጉር ማድረቂያ ከውጭ ሲገባ ከሳጥኑ ውስጥ የምትወጣው ማንም የማያነባት ወረቀት የእኔ ድርሰት ናት። «ውሃ ውስጥ አይንከሩ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የእኔን ያህል ደጋግሞ የጻፈ ያለ አይመስለኝም። እና እንዲህ ያለ ሰው የራሱ ዕቃ ሲመጣ መመሪያውን ያነባል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ሐኪም መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል እንደማለት ነው።

ክርክሩ አልቋጭ ሲል አንድ ዓርብ ከሰዓት ትርሲት ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ ሸማኔዎቹ ጋ በሄደችበት ነገሩን በተግባር ልጨርሰው አሰብኩ። ሐሳቤ ክፋት አልነበረበትም፣ ትንሽ ተንኮል ብቻ ነበረበት። የስልኳን የይለፍ ቁጥር ስለማውቅ ያለውን ሁሉ ወደ ጠረጴዛዋ ዕቃ አዛወርኩት። እሑድ ምሳ ላይ በሰላም ሲሠራ አሳያታለሁ፣ እሷም ትስቃለች፣ ክርክሩ ያበቃል፤ ዕቅዴ ይኸው ነበር። ከዚያ ዕቃዋን ሌባ እንዳያገኛት ከቆርቆሮ ትንሽ ማቀፊያ አጥፌ ከጠረጴዛው ሥር በብሎን አሰርኳት። ሌባ ቢመጣ ኮምፒውተር ይሰርቃል፣ ቴሌቪዥን ይሰርቃል፤ ጠረጴዛ ተሸክሞ የሚሄድ ሌባ የለም አልኩ። በዚህ አልተሳሳትኩም። ሌባ አልመጣም።

መመሪያውን በጨረፍታ ሳየው አንድ ነገር ይላል። ዕቃዋ ብትጠፋ ገንዘቡን ማስመለሻ የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት ትሰጥሃለች፤ እነሱን ወረቀት ላይ ጽፈህ ዕቃዋ ካለችበት የተለየ ቦታ አስቀምጥ ይላል። አስቀመጥኩ። ዕቃዋ ከጠረጴዛው ሥር፣ ወረቀቷ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ። የተለያየ ቦታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን ልቆረጥ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ፣ አንገቴ ላይ ዱቄት ተነስንሶልኝ ስመለስ ኮምፒውተሬ ወለል ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ መዝገበ ቃላቴ፣ አጠገቡ የብዕር ማስቀመጫዬ፣ ሁሉም እንደተፈናቀለ ሰው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን አቧራ አለ።

ትርሲት ሽንኩርት እየከተፈች ነገሩን እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። አቶ ደበላ የሚባሉ የእድራችን አባል እናታቸው ሞተውባቸዋል። ቤተሰባቸው ድሮ እኛ ያለንበትን አካባቢ ያርስ ነበር፤ አሁን የሚኖሩት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነው፤ ሰፈር ቢለቁም ከእድሩ ግን አልወጡም። የእድሩ ጠረጴዛዎች ሌላ ሐዘን ቤት ስለነበሩ ጋሽ ተካልኝ አንድ ጠረጴዛ አበድሩን ብለው መጡ፣ እሷም ያለችንን ሰጠች። በአይሱዙ ጭነው ሄዱ።

ምን ልበላት? ለሐዘንተኛ ጠረጴዛ ማበደር ጽድቅ ነው። ጠረጴዛዬን መልሺ ብል ምን ዓይነት ሰው ነህ ትለኛለች፤ ለምን እንደፈለግኩት ብነግራት ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ትረዳለች። ከዚያ በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የማይታመነው ከአፌ ወጣ።

«ለቅሶ ልድረስ።»

ትርሲት ቢላዋውን አስቀመጠች። እኔ በለቅሶ የምታወቀው በመቅረት ነው። የእድሩ ሰዎች ስሜን ሲጠሩ ትርሲት ናት አቤት የምትለው። እሷም የእድሩ ሴቶች ከሰዓት በሚኒባስ ስለሚሄዱ አብረን እንሂድ አለችኝ። እኔ አሁኑኑ ልሂድ አልኩ። ሰውየውን ታውቃቸዋለህ ወይ አለች። አላውቃቸውም፣ ግን እናት እናት ናት አልኩ። አንገቴ ላይ ያለውን ዱቄት እየጠራረገችልኝ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ነገሩ ልቧን የነካው ይመስለኛል። ያ ነው ያሳዘነኝ።

መንገድ ላይ ጋሽ ተካልኝ ጋ ደወልኩ። ጠረጴዛው በደህና ደርሷል፣ ጥሩ ጠረጴዛ ነው፣ እግዜር ይስጥልን አሉኝ። ምን ላይ ዋለ ብዬ ስጠይቃቸው ክቡር ቦታ ነው ያዋልነው አሉ። ሥጋ መክተፊያ ይሆን ብዬ የፈራሁትን ተውኩና ተረጋጋሁ። ክቡር ቦታ የሚለውን ግን ማሰብ ነበረብኝ።

መገናኛ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ብሎኖቹ በጣት አይፈቱም። ሾላ ገበያ ወርጄ ካቻቢቴ ገዛሁ። ሻጩ ለምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለለቅሶ ነው ልለው አልቻልኩምና ለቤት አልኩት። በጥቁሩ ኮቴ የደረት ኪስ ውስጥ ሸጉጬ እንደገና ታክሲ ያዝኩ። ከታክሲው መውረጃ በኋላ ያለችውን ዳገት በባህር ዛፎቹ መካከል በእግሬ ስወጣ ካቻቢቴው በእያንዳንዱ እርምጃ ጎኔን ይወጋኝ ነበር። ከታች ከተማው ተዘርግቷል። በዚያ ሁሉ ቆርቆሮና ፎቅ መካከል አንድ ተራ ሰው በቤቱ ተቀምጦ በሰላም ሻይ እየጠጣ እንደሆነ አሰብኩና ቀናሁበት።

ድንኳኑ ሞልቷል። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ አልኩና ከወንዶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ጠረጴዛዬን በዓይኔ ስፈልግ አላገኘሁትም። በኋላ ከፊት ለፊት፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ፣ ነጭ ጨርቅ እስከ መሬት የለበሰ ነገር አየሁ። ላዩ ላይ የአንዲት ባልቴት ትልቅ ፎቶግራፍ ቆሟል፤ ከፊቱ ጧፍ ይበራል። ከጨርቁ ሥር ብቅ ያለችው እግር በሰማያዊ ቀለም የተቀባች ናት። ያቺን እግር የቀባኋት እኔ ነኝ።

ሴትየዋ በፎቶው ውስጥ ቀጥ ብለው ያዩኛል። ዓይናቸው ብልህ ነው። የመጣሁበትን ከሁሉም ቀድመው ያወቁ መሰለኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ወረቀቷን ብቻ ለማውጣት ነበር። ወረቀቷ ከተገኘች ዕቃዋ እዚያው ብትቆይም ግድ የለም። ከጧፎቹ አንዱ ሊያልቅ ሲቃረብ ብድግ ብዬ ልተካው ብዬ ጠየቅኩ። የአቶ ደበላ እህት እትዬ ሙሉ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ፊታቸው ከልቅሶ ብዛት ያበጠ ሴት፣ ተባረክ ልጄ፣ ጧፉ መሳቢያው ውስጥ ነው አሉኝ። መሳቢያውን ሳብኩ። ጧፍ አለ። ክብሪት አለ። ከክብሪቱ አጠገብ እንደ ጧፍ የተጠቀለለች፣ ጫፏ የከሰለ ወረቀት አለች። ነፋሱ ክብሪቱን እያጠፋ ሲያስቸግራቸው እሳት ማቀበያ አድርገዋታል። ፈትቼ አየኋት። ከቃላቱ የተረፉት ማንጎ፣ መሰላልና ግማሽ ጃንጥላ ነበሩ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰዎች በፎቶው ፊት የተመሰጥኩ መሰላቸው መሰል አንዱ ከኋላዬ በረጅሙ ተነፈሰ። አሁን በዓለም ላይ የትርሲት ገንዘብ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ከእኚህ እናት እግር ሥር በብሎን ታስሯል። ዛሬ ማታ ጠረጴዛው በሌላ አይሱዙ ተጭኖ ወደ ሌላ ሐዘን ቤት ቢሄድስ? ወጥ ቢደፋበትስ? ደግሞ «ውሃ ውስጥ አይንከሩ» የሚለው መመሪያው ላይ ነበረ። እሱን እንኳ ሳላነብ አውቀዋለሁ።

እድል ቀናኝ። ከሰንዳፋ በኩል የመጡ ዘመዶች ደረሱ፤ ሁሉም ከመቀመጫው ተነሣ፤ ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ዓይን ሁሉ ወደ መግቢያው ዞረ። እኔ ተንበረከክሁ፣ ጨርቁን ገለጥ አደረግሁና ገባሁ።

ከሥር ጨለማ ነው፣ ሣር ሣር ይሸታል። በጀርባዬ ተኝቼ ካቻቢቴውን አወጣሁ። የመጀመሪያው ብሎን በቀላሉ ወጣ። ሁለተኛውን ሳስር የነበረኝን ጉልበት ያኔ አደነቅኩት። የመጨረሻው ሲፈታ ማቀፊያው ወደ ጎን ወደቀ፣ ዕቃዋ ደረቴ ላይ ወደቀች። ከደስታዬ ብዛት ያለሁበትን ረስቼ ቀና አልኩ።

ግንባሬ ጠረጴዛውን ሲመታው የወጣው ድምፅ ከበሮ ይመስል ነበር። ከላዬ ፎቶግራፉ ሲወዛወዝ ይሰማኛል። ለቅሶው ቀጥ አለ። እኔም ቀጥ አልኩ። ከዚያ ካቻቢቴው ቀስ እያለ ተንከባለለና በጨርቁ ሥር ወደ ሕዝቡ ወጣ።

ጨርቁን የገለጡት አቶ ደበላ ራሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው። ጎንበስ ብለው አዩኝ። እኔ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፣ ግንባሬ ላይ እብጠት ወጥቷል፣ አቧራ ገብቶብኝ ከሁለቱም ዓይኖቼ እንባ ይወርዳል፣ በጡጫዬ የሆነ ነገር ጨብጬ ደረቴ ላይ ይዣለሁ። አቶ ደበላ ቤት ውስጥ በሚነጋገሩበት ኦሮምኛ ለእህታቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ በኋላ ትርጉሙን ነገሩኝ፣ ምስኪኑን አንሡት ነው ያሉት። በሁለት ክንዴ ይዘው አወጡኝና ከቤተሰቡ መካከል አስቀመጡኝ።

እትዬ ሙሉ ትከሻዬን አቅፈው እናታችንን ከየት ታውቃት ነበር ብለው ጠየቁኝ። ዕድሜ ልኬን ከዋሸሁት ሁሉ በዚያች ሰዓት መዋሸት አቃተኝ።

«አላውቃቸውም ነበር» አልኩ።

እትዬ ሙሉ ደረታቸውን ደቁ። «ማን አወቃት? አብረናት ስንኖር እኛስ መቼ አወቅናት?» ሲሉ ጋብ ያለው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሣ። የሰንዳፋዎቹ ሰዎች ተራ በተራ እየመጡ ያጽናኑኝ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም ብለው ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ። እኔም በምር ማልቀስ ጀመርኩ፤ ግንባሬ በጣም ያመኝ ነበር።

የካቻቢቴውን ነገር ደግሞ ጋሽ ተካልኝ በራሳቸው ፈቱት። ጠረጴዛው ትንሽ ይነቃነቅ ነበር፤ ይህ ሰው የራሱ ጠረጴዛ የእናታችሁን ፎቶ እንዳይጥል ፈርቶ ሊያጠብቀው ነው የመጣው፣ እኔ ጋ ደውሎም ጠይቆኛል ብለው ለሁሉም አስረዱ። ምርቃቱ ወረደልኝ። እዚያ ተቀምጬ፣ ባላወቅኋቸው እናት ልጆች መካከል፣ በማይገባኝ ምርቃት ውስጥ፣ አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ፤ ዕቃዋን ኪሴ መክተት። እጄን ግን እትዬ ሙሉ ይዘውታል።

በዚህ መሀል የእድሩ ሴቶች ገቡ፤ ትርሲት አብራቸው ናት።

ራሳችሁን በእሷ ቦታ አድርጉ። ለቅሶ ደርሼ እመለሳለሁ ያለ ባሏ ከሐዘንተኞቹ መካከል ተቀምጧል፣ አቧራ ለብሷል፣ ግንባሩ አብጧል፣ እየተንሰቀሰቀ ነው። እኔ ወደዚህ ስመጣ መንገድ ላይ ከቤተሰቤ የአንዱን መርዶ የሰማሁ መሰላት። ሮጣ መጥታ ተጠመጠመችብኝና አለቀሰች። ከዚያ በጆሮዬ ማን ነው የሞተው ብላ ጠየቀችኝ። የአቶ ደበላ እናት አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችና ለቅሶዋን አቆመች።

ቀና ብላ መጀመሪያ ግንባሬን፣ ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠውን ካቻቢቴ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ጨርቁን አልፎ የወጣውን የቆርቆሮ ጫፍ፣ በመጨረሻ ጡጫዬን አየች። ትርሲት ጥለት የምታወጣ ሴት ናት፤ ከአንዲት ክር ተነሥታ ሙሉውን ልብስ ታየዋለች። ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር በተራ ሲያልፍ አየሁት። ቀስ ብላ ጣቶቼን ፈታች። ዕቃዋ በመዳፌ ላይ ታየች።

እትዬ ሙሉ ስክሪኗን አይተው ይህቺ ምንድን ናት አሉ። ድንኳኑ አካባቢ ያለው ሁሉ ጆሮውን አቀና። ትርሲት እውነቱን ብትናገር ኖሮ እኔ ዛሬም ከእንጦጦ አልወርድም ነበር። እሷ ግን በለሰለሰ ድምፅ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተናገረች።

«የስኳር መለኪያው ናት። ስኳር አለበት፤ ሰው እንዲያውቅበት ስለማይፈልግ ተደብቆ ነው የሚለካው።»

ዕቃዋን ከእጄ ወስዳ በቦርሳዋ ከተተች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከሴቶቹ መካከል ሄዳ ተቀመጠች።

ከተቆጣች ሴት ይልቅ ያዳነችህ ሴት ታስፈራለች። ምን እንዳደረገችኝ የገባኝ ምግብ ሲቀርብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ ያን ዳገት በእግሬ ወጥቻለሁ። ትሪው እኔ ጋ ሲደርስ እትዬ ሙሉ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ለስኳር ይህ አይሆንም፣ ያ አይሆንም፣ እንጀራውም በልክ ነው አሉ። ለስላሳ መጠጡ በላዬ ላይ አልፎ ሄደ። በምትኩ የተቀቀለ ጎመንና አንድ ብርጭቆ የአብሽ ውሃ መጣልኝ። አብሽ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ቀምሳችሁ ከሆነ ምን እንደምል ታውቃላችሁ፤ ካልቀመሳችሁ አትቅመሱ። እትዬ ሙሉ እስክጨርስ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። በድንኳኑ ማዶ ትርሲት ምስር ወጥ በእንጀራ እየጠቀለለች ቀስ እያለች ትበላ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

በሚኒባሱ ስንመለስ የእድሩ ሴቶች እስከ መገናኛ ድረስ ስለ ስኳር መከሩኝ። ትርሲት በየመሀሉ ልክ ነሽ፣ እኔም ሁልጊዜ የምለው ይህንን ነው ትላለች። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ጩኸቱን ጠበቅኩ። አልጮኸችም። የከሰለችውን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ማንጎን፣ መሰላልንና ግማሽ ጃንጥላን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እዚያ ውስጥ ያለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ዓይኔ ነው» አለች።

ስክሪን ላይ ያፈሰሰችውን ዓይኗን ማለቷ ነው። ከዚያ በፊት መነጽሯ በየጊዜው እየወፈረ መሄዱን አይቼ ሳለ አስቤው እንደማላውቅ ያኔ ተገነዘብኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። እሷም ኮምፒውተሩ ካለበት ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ወደ ስልኳ ዕቃ አዛወረችው። አዲሶቹን ቃላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጻፈቻቸው። የት እንዳስቀመጠቻቸው አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ የሚያስችል ፊት አልነበረኝም። የጠረጴዛዋ ዕቃ ላስመጣልን ሰውዬ ተመለሰች። ሰውየው ጎኗ ላይ ያለው ጭረት ምንድን ነው ሲለኝ፣ ሐዘን ነው አልኩት።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ትርሲት የስልኳን ዕቃ ይዛ ሾላ ትመላለሳለች፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆና ክፍያዋን ታያለች፤ የጥልፍ መኪናዋም እየቀረበች ነው። ጠረጴዛዬም የጧፍ ጠብታ ይዞ ተመልሷል። ያልተመለሰው ስኳሩ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የማንም ቤት ብሄድ ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚቀዳልኝ፤ ስኳር ስጡኝ ብዬ ብለምን ደግሞ በሽታው አምሮቱን አመጣበት ብለው ያዝኑልኛል። ጋሽ ተካልኝ በየሳምንቱ በፌስታል የተፈጨ አብሽ ያመጡልኛል፤ ቆመው ሲያጠጡኝ ያኔ ካለ እንዴት ጠፋ ብለው የጠየቁኝ ነገር አሁን የገባቸው ይመስላቸዋል፤ ጭንቀትህ ከበሽታው ነበር ይሉኛል። ለእናታቸው ተዝካር አቶ ደበላ ራሳቸው ደውለው ጠሩኝ። አሁን እንደ ወንድም ነው የሚያዩኝ፤ እኔም ከልቤ ወድጃቸዋለሁ፤ የእድሩ ሰዎች ስሜን ሲጠሩ ካሁን በኋላ አቤት የምለው ራሴ ነኝ። ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ ሕዝቡ ሲበላ፣ ለእኔ ለብቻዬ ክዳን ያላት ትንሽ ሰሃን መጣች። ጎመን ናት።

ከተዝካሩ ስንመለስ ትርሲትን ለመንኳት። በቃ፣ ይብቃ፣ ስኳር የለበትም ብለሽ ለሰዉ ንገሪልኝ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ደስ ይለኛል፣ ግን እንዴት ዳነ ሲሉኝ ምን ልበላቸው አለችኝ። ምንም በያቸው አልኩ።

«እትዬ ሙሉ ባለፈው ሳምንት ስምህን ለኪዳነ ምሕረት ጸበል ሰጥተዋል» አለችኝ። «ድኗል ካልኩ እዚያ ሕዝብ ፊት ቆመህ መመስከርህ ነው። ትመሰክራለህ?»

ሰው ፊት ብዙ ነገር ሆኛለሁ። ጸበሉ ፊት ቆሜ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አላደርግም። ትርሲትም እንደማላደርገው በደንብ ታውቃለች። ዛሬ ጠዋትም ጋሽ ተካልኝ ቤት ተቀምጠን ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀረበልን፤ እሷ ሦስት ማንኪያ ስኳር አድርጋ፣ ማንኪያውን እያንኳኳች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች አማሰለችው።